ያውቁ ኖሯል? ድንኳንና እንግዳ ይዘው ከዲላ ሲወጡ

ወዳጆችዎ ከአዲስ አበባ ድንኳን ጭነው እየመጡ ነው? 360 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጠው ዲላ ሲወርዱ «እሳተ ገሞራው የታለ?» ማለታቸው አይቀርም። ጣትዎን ወደ ሩቅ አይቀስሩ! እግራቸው ሥር ያሳዩአቸው! ጫማቸውን ያቀላው አፈር በብዙ ዘመን የፈረሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው!

ያውቁ ኖሯል? የጌዴኦ ዞን ዝቅተኛው ቦታ በአባያ ሐይቅ አቅጣጫ 1,268 ሜትር ነው። ከፍተኛው ደግሞ ሐሮ ወላቡ ኩሬ ዘንድ 2,993 ሜትር! ሦስት ሺህ ለመሙላት ሰባት ሜትር ብቻ ጎደለው! ያቺ ሰባት ሜትር እኔን ሁሌም ትቆጨኛለች።

ሽቅብ 1,000 ሜትር በወጡ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። እንግዲህ ያስሉት! በቆላው በኩል በሸሚዝ የተነሳ መንገደኛ ሐሮ ወላቡ ሲደርስ 11 ዲግሪ ያህል ሙቀት ከኋላው ጥሎ ነው የሚደርሰው! ጋቢ ለሌለው እንግዳ ወየውለት!

ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለው ተምረዋል? ዲላ ላይ በ95 ገደማ ይፈላል! ሐሮ ወላቡ ላይ ደግሞ በ90! ድስቱ እየተንተከተከ ክኩ አልበስል ቢል ባለሙያዋን አይውቀሱ። ጥፋቱ የተራራው ነው!

ጌዴኦን ከአየር ላይ ያየ ሰው ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው ይላል። ደን አይደለም፤ ጓሮ ነው! ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ጥላ ሥር ቡና! ሰውም በመካከሉ ቤት ሠርቶ ይኖራል!

ምን ያህል ሰው? በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ 847,434! በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 700 ሰው! ይህ ሁሉ ሕዝብ ዛፍ ሥር ተሰውሮ ነው የሚኖረው! እንግዶችዎ «ገለል ያለ ጫካ ውስጥ ድንኳን እንትከል» ካሉዎት የተከሉት የአንድ ሰው ማሳ ላይ መሆኑን አይርሱ። በቅድሚያ ባለቤቱን ሰላም ይበሉ!

ይኸው ጓሮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተደረገ ጉባኤ «የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር» ተብሎ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ! የባሌ ተራሮችም በዚያው ጉባኤ ገቡ! አንድ አገር፣ አንድ ጉባኤ፣ ሁለት ቅርስ!

ያውቁ ኖሯል? እንሰት ሙዝ ይመስላል እንጂ ፍሬው አይበላም! የሚበላው ግንዱና ሥሩ ነው! ሰው ተክሎ፣ ፍቆ፣ በጉድጓድ ቀብሮ፣ አብላልቶ ቆጮ አድርጎ የሚበላው በዓለም ላይ እዚሁ ኢትዮጵያ ብቻ ነው! ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ያኖራል!

የመከር ወቅት የለውም! ባለቤቱ በፈለገው ወር ይቆርጠዋል! ዝናብ ቢዘገይ እንሰት አይደነግጥም።

ለካምፕ ደግሞ ከእንሰት የተሻለ ዕቃ ያምጡ ቢባል ማን ያመጣል? ቅጠሉ ሳህን ነው! ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ነው! ምግብ መጠቅለያ፣ መቀመጫ፣ ፍራሽ ነው! ቃጫው ገመድ ሆኖ ድንኳን ይወጥራል! ከከተማ በውድ የተገዛ ስንት ኮተት ተሸክመው የመጡ ወዳጆቼ፣ አንዲት እናት በሁለት ቅጠል ምሳ አቅርበው፣ በሦስተኛው ዝናብ ሲያስጠልሏቸው አፋቸውን ከፍተው ቀርተዋል።

እንሰት በዕድሜው የሚያብበው አንድ ጊዜ ነው፤ ካበበ በኋላ ይሞታል! የደጋው ቀርከሃም እንዲሁ ነው! ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳያብብ ይኖራል፤ አንድ ቀን ያብብና ያልቅለታል!

ብርብራን ያውቁታል? ቡናውን የሚያስጠልለው ያ የዋህ ዛፍ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲነሰነስ ግን ዓሣ ያሰክራል! እላይ ያንሳፍፈዋል! የትውልድ አገሩም ኢትዮጵያ ብቻ ናት!

የቡና አበባ የሚያብበው ዝናብ ካረሰረሰው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው፤ ውበቱም ከሁለት ከሦስት ቀን አያልፍም! ኮረብታው በአንድ ሌሊት ነጭ ይለብሳል! ሽታው እንደ ጃስሚን ነው! በዚያ ሳምንት ድንኳን የተከለ ሰው ዕድለኛ ነው፤ በሳምንቱ የመጣ ደግሞ «ምን አበባ?» ይላል!

ይርጋጨፌ እዚሁ ዞን ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ስሟ በውጭ አገር በሕግ የተመዘገበ የንግድ ምልክት ሆኗል! አንድ ሰው ሩቅ አገር ካፌ ገብቶ «አንድ ይርጋጨፌ» ብሎ ሲያዝ፣ አንዲት የኢትዮጵያ ወረዳ ጠራ ማለት ነው! «ጨፌ» ደግሞ ለምለም ረግረግ መስክ ነው። ድንኳን ለመትከል የማይመከር ቦታ!

ያውቁ ኖሯል? ጌዴኦ ውስጥ ወደ 10,000 የሚጠጉ ትክል ድንጋዮች አሉ! ከ60 በማያንሱ ሥፍራዎች! አገር ሁሉ የሚያውቀው የጢያ ቅርስ 36 ድንጋይ ነው። ጨልባ ቱቲቲ ላይ ግን የቆመውንና የወደቀውን ሲቆጥሩ ይመሽብዎታል!

ድንጋዮቹ የተጠረቡት ከእሳተ ገሞራ አለት ነው! እሳት ያቀለጠውን ሰው ጠረበው!

ቱቱ ፈላ ላይ ያሉት አንዳንዶቹ የሰው ፊት አላቸው! ሌሎች ብዙዎች ደግሞ በወንድ ብልት ቅርጽ የተጠረቡ ናቸው! ልጆች ይዘው ከሄዱ መልስዎን ከቤት አዘጋጅተው ይሂዱ።

ዕድሜያቸውስ? ረጅም ጊዜ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ይገመት ነበር። ሳካሮ ሶዶ ላይ የተገኘው ግን ወደ 2,000 ዓመት ይጠጋል! አንድ ሺህ ዓመት በአንድ ጊዜ ተጨመረላቸው! ከላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ይቀድማሉ! ይህን ለእንግዳ ሲናገሩ ድምፅዎን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይፈቀዳል!

ባልጩት ያውቃሉ፤ እሳተ ገሞራ የጋገረው ጥቁር መስታወት ነው። ከትክል ድንጋዮቹ ሥፍራ የተገኘው አብዛኛው ባልጩት የመጣው ከየት ይመስልዎታል? ከሰሜን ኬንያ! 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ! አስፋልት የለም፣ ሎንቺና የለም፣ ሞያሌ ላይ ኬላ የለም! ሰው በትከሻው ወይም በእጅ ቅብብሎሽ አመጣው! የዲላ ገበያ የኬንያ ዕቃ ማየት የጀመረው ትናንት አይደለም።

በደንብ የተፈለጠ ባልጩት ጠርዙ ከቀዶ ሕክምና ቢላ ይስላል! ሲያገኙት በጣትዎ አይሞክሩት!

ሸጴን አይተዋል? ወንዝ በቦረቦረው ገደል ግድግዳ ላይ ሃምሳ ያህል ከብቶች በተርታ ተቀርጸዋል! ለዓለም የታወቁት በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። አሁን ልብ ብለው ይመልከቷቸው። ቀንድ አላቸው፣ ጡት አላቸው፤ ሻኛ ግን የላቸውም! አንድም ላም ሻኛ የላትም! እዚያው ገደል አፋፍ ላይ ሣር የሚግጡት የዛሬዎቹ ላሞች ግን ባለ ሻኛ ናቸው! የተቀረጹት ሻኛ ያላቸው ከብቶች ወደዚህ አገር ከመግባታቸው በፊት የነበሩ መንጋዎች ናቸው!

ይህን ደግሞ ማንም አይነግርዎትም! መጋቢት 28 ገደማና ጳጉሜን 1 ገደማ ፀሐይ በዲላ ሰማይ ልክ በአናት ላይ ታልፋለች! ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ትክል ድንጋይ አጠገብ ይቁሙ። ያ ሁሉ ቀጥ ያለ ድንጋይ ጥላው ጠፍቶ ያገኙታል! የእርስዎም ጥላ ከእግርዎ ሥር ይደበቃል! በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ!

የጌዴኦና የጉጂ አባቶች ሲተርኩ የሁለቱ ሕዝቦች አባቶች ደራሶና ጉጆ ወንድማማቾች ናቸው! ጌዴኦ ቀድሞ ደራሳ ይባል እንደነበር የሚያስታውሱ አዛውንቶች ዛሬም አሉ። «ባሌ» በሚባለው የጌዴኦ ባህላዊ የአስተዳደር ሥርዓትም ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይተላለፋል! ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት ሥፍራ ሶንጎ ይባላል፤ ባዶ ሜዳ መስሎዎት ድንኳን እንዳይተክሉበት!

አሁን ቁልቁል እንውረድ! ከዲላ በስተ ምዕራብ መሬቱ ሲዘቅጥ የሚያዩት ስምጥ ሸለቆው ነው። ሸለቆው ማለት አፍሪካ የምትሰነጠቅበት ስፌት ማለት ነው! የጌዴኦ ደጋ በአንዱ ጠርዝ፣ የጋሞ ደጋ በማዶው ጠርዝ! ሁለቱ በየዓመቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ!

ጥቂት ሚሊ ሜትር ምን አላት አይበሉ! የሳካሮ ሶዶ ድንጋይ ከቆመ ጀምሮ ጋሞ ወደ አሥር ሜትር ያህል ሸሽቶናል! ዘመድ ለመጠየቅ ያለው ሰው ቶሎ ይሂድ።

አባያ ሐይቅ ስፋቱ 1,160 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባን ሁለት ጊዜ ይውጣታል! ጥልቀቱ ግን በአማካይ 10 ሜትር አይሞላም! ሰፊ ትሪ ነው፤ ድስት አይደለም!

ውሃው ለምን ቀላ? ወንዞች ከደጋው አጥበው ያመጡት ደቃቅ ቀይ አፈር ውሃው ውስጥ ተንጠልጥሎ ስለሚኖር! አጠገቡ ያለው ጫሞ ግን ሰማያዊ ነው! ሁለት ሐይቅ፣ አንድ አጥር፣ ሁለት ቀለም!

አጥሩ ደግሞ «የእግዜር ድልድይ» ይባላል። ያውቁ ኖሯል? ድልድዩ ላይ የእሳተ ገሞራ ጉብታዎች አሉ! የእሳተ ገሞራው ስም ጦሳ ሱጫ ነው፤ «ጦሳ» በጋሞኛም በወላይትኛም እግዚአብሔር ማለት ነው! ድልድዩንም እሳቱንም ለአንድ ባለቤት ሰጥተውታል!

አባያ በአንድ ወቅት «ማርጋሪታ» ተብሎ ነበር! ቦቴጎ የተባለ ጣሊያናዊ መጥቶ በንግሥቱ ስም ሰየመው። ሐይቁ ንግሥቲቱን አያውቃት፣ እሷም ሐይቁን አላየችው! ካርታው ላይ ብዙ ቆየ እንጂ ስሙ በአካባቢው ሰው አፍ አልገባም።

የአባያ ደሴት ነዋሪዎች ታንኳ የሚሠሩበት እንጨት እንደ ቡሽ የቀለለ ነው! ትልቅ ግንዱን አንድ ሰው ብቻውን ይሸከመዋል! ከዚያ በአዞ መካከል ይቀዝፋል!

አዞ ስንል፣ የአዞ ጫጩት ወንድ ወይም ሴት መሆኑን የሚወስነው የጎጆው ሙቀት ነው! እንቁላሉ የተቀበረበት አሸዋ በጥቂት ዲግሪ ሲለዋወጥ ወንድሞች እህቶች ይሆናሉ! ይህን እያደነቁ ከውሃው ዳር ራቅ ይበሉ። የአባያ ውሃ ድፍርስ ነው፤ አዞው እርስዎን ያያል፣ እርስዎ እሱን አያዩትም!

ጉማሬ መዋኘት አይችልም! ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ነው፤ የሚንቀሳቀሰው ግን የውሃውን ወለል እየረገጠ ነው! ሌሊት ወጥቶ ወደ 40 ኪሎ ሣር ይበላል። የሚወጣው ደግሞ በለመደው መንገድ ነው! በዳር ያየኸው የተደላደለና የተጠረገ መንገድ ለድንኳን የሚመች መስሎህ ነው እንጂ የጉማሬ አስፋልት ነው ብዬ አንድ ወዳጄን በግድ አስነስቼዋለሁ። እስካሁን ስለ ሕይወቱ አላመሰገነኝም፤ ስለ ጀርባው ሕመም ግን ሁሌ ያነሳብኛል!

ነጭ ሳር ሜዳው ላይ ሣሩ ነጭ ነው፤ ከሥሩ ያለው አፈር ግን ጥቁር ነው! የእሳተ ገሞራ ጥቁር!

ያውቁ ኖሯል? በነጭ ሳር ፓርክ በ1990 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንድ የወፍ ክንፍ መንገድ ላይ ወድቆ ተገኘ። ክንፍ ብቻ! ወፉ የለም፣ እግሩ የለም፣ ምንቃሩ የለም! ክንፉ ከየትኛውም የታወቀ ወፍ ጋር አልገጥም አለ! ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያች በአንዲት ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ! ሳይንሳዊ ስሙም ትርጉሙ «ክንፍ ብቻ» ነው! ማታ ድንኳንዎ አጠገብ የሌሊት ወፍ መሳይ ነገር ሽው ቢል እንቅልፍዎን ትተው ይውጡና ይመልከቱ! ማን ያውቃል!

ወደ ሰሜን እንመለስ፤ ሐዋሳ ከዲላ 90 ኪሎ ሜትር አትሞላም። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የተባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም! እንዲህ ያለ ሐይቅ ጨዋማ መሆን ነበረበት። የሐዋሳ ውሃ ግን ጨው አልሆነም!

ሐይቁ የተኛው በጥንት እሳተ ገሞራ ውስጥ ነው! 30 በ40 ኪሎ ሜትር የሚሆን ግዙፍ ድስት ተደርምሶ ነው ቦታው የተሠራው! ከተማዋም፣ ሐይቁም፣ ዓሣ ጠባሹም፣ ሙሽሮቹም እዚያ ድስት ውስጥ ናቸው!

ድስቱ ደግሞ ሌላ ድስት ወልዷል፤ ኮርቤቲ! ከሻሸመኔ ወደ ሐዋሳ ሲጓዙ በስተ ቀኝ ትተውት ያልፋሉ። መሬቱ በዓመት እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሽቅብ ሲያብጥ ተለክቷል! ልክ እንደ ሊጥ!

አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ላይ ራሰ በራው አባ ኮዳ ቆሞ ሲያዩት እግሩ ነጭ ነው። ቀለሙ አይደለም! ሙቀት ሲበዛበት ለማብረድ የገዛ እግሩ ላይ ነው የሚጸዳዳው! ይህን ዓሣ በልተው ከጨረሱ በኋላ ለእንግዶችዎ ይንገሯቸው።

ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም! ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚወረወረው በአራት ጣት ነው!

ሻላን ያውቁታል? ስፋቱ ከጣና አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። የያዘው ውሃ ግን ከጣና ይበልጣል! ጥልቀቱ ከ250 ሜትር በላይ ነውና! ይህም ተራራ ፈንድቶ ተደርምሶ የቀረ ጉድጓድ ነው!

የሻላ ደሴት ላይ ይብራዎች ይፈለፈላሉ፤ ሻላ ግን ለይብራ የሚበቃ ዓሣ የለውም! ስለዚህ ወላጆች ለጫጩት ምሳ ፍለጋ ሌላ ሐይቅ ድረስ በረው ይመለሳሉ! በየቀኑ!

በሻላ ዳር ያለው ፍል ውሃ እሸት በቆሎ ይቀቅላል! ማገዶ የለ፣ ጋዝ የለ፣ ክብሪት የለ! እሳቱን ምድር ከታች አንድዳዋለች!

ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ በጥንት ዘመን አንድ ሐይቅ ነበሩ! አንድ! ሞልቶ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር!

ዝዋይ አጠገብ ገደሞታ ላይ ከባልጩት የተሠሩ የጦር ጫፎች ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸው ወደ 279,000 ዓመት! እንደ እኛ ያለ ሰው መልክ ገና በወጉ ሳይታወቅ ባልጩት ተወርውሯል!

እንግዶችዎ ከተራራ ተራራ ካሉ ባሌን ያስታውሷቸው። ፊንጫ ሃበራ የተባለ ዋሻ በ3,469 ሜትር ላይ አለ። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች እዚያ ይኖሩ ነበር! ያኔ ከላይ የበረዶ ግግር ነበር! ራታቸው ምን ነበር? የተጠበሰ ፍልፈል! እርስዎ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ገብተው «በረደኝ» ሲሉ እነሱን ያስቡ!

ቀይ ቀበሮም በዓለም ላይ 500 ያህል ብቻ ነው የቀረው። ፍልፈል አዳኝ ነው ብለው ሲያበቁ፣ ችቦ የሚመስል አበባ እንደ ከረሜላ ሲልስ ይገኛል! አፍንጫው በአበባ ዱቄት ተለውሶ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ይሄዳል! ንብ የሆነ ቀበሮ!

ከዲላ በስተ ደቡብ፣ ያቤሎ አካባቢ የሚኖር አንድ ቁራ አለ፤ በሌላ የዓለም ክፍል የለም! የሚኖርበትን አካባቢ የሚያጥር ተራራ የለም፣ ወንዝም የለም። አጥሩ ሙቀት ነው! አየሩ ትንሽ ሞቅ ከሚልበት መስመር አንድ እርምጃ አያልፍም!

ከዚያም ወደ ታች ጨው ቤት አለ። ቦረናዎች ገደሉን ቁልቁል ወርደው፣ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ከተኛው ጥቁር ሐይቅ ጭቃ የሆነ ጨው ያወጣሉ! አህያ ሽቅብ ይሸከመዋል! እርስዎ ባዶ እጅዎን ሲወጡ ሦስት ጊዜ ያርፋሉ።

አፋርን ሳላነሳ ባልፍ እንግዶቹ ይቀየሙኛል! መስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ አጠገብ በጥቂት ቀናት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት ተሰነጠቀ፤ ስንጥቁም እስከ 8 ሜትር ተላቀቀ! ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ፈንድቶ መታወቁን ታሪክ የማያስታውሰው ሀይሊ ጉቢ ተነሳ! አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ የመንና ኦማንን አልፎ፣ ሕንድ ሰማይ ላይ ደረሰ! የኢትዮጵያ አቧራ ያለ ቪዛ!

አሁን እሳቱ ይነድ፤ ዲላ አቅራቢያ ኮረብታ ላይ ነን። ጌዴኦ መቼ እንሂድ ለሚል እንግዳ መልሱ አጭር ነው፤ በሚያዝያ አይሆንም! ሰሜን ኢትዮጵያ ፀሐይ ሲያቃጥለው እዚህ ዶፍ ይወርዳል! ከኅዳር እስከ ጥር ይሻላል፤ ሰማዩም ጥርት ይላል።

ሰማዩ ጥርት ካለ ደግሞ የዲላን ትልቁን ጉድ ይመልከቱ! ወደ ሰሜን ዞረው ክንድዎን ይዘርጉ። ከአድማሱ በላይ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ የሰሜን ኮከብ አለ! ዝቅ ብሎ፣ መሬት ሊነካ ሲል! በአውሮፓ ግን ከፍ ብሎ ይሰቀላል፤ ከምድር ወገብ በታች ያለ ሰው ጨርሶ አያየውም!

አሁን ወደ ደቡብ ይዙሩ! በጥር ወር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ አራት ኮከቦች መስቀል ሠርተው ቆመዋል። የደቡብ መስቀል ይባላሉ! ሎንዶን ያለ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢያንጋጥጥ አያያቸውም! እርስዎ ግን ከአንድ ድንኳን ደጃፍ፣ አንገትዎን ብቻ አዙረው፣ የሰሜኑንም የደቡቡንም ምልክት በአንድ ሌሊት ያያሉ! እንግዶቹን ይቀስቅሷቸው! ቢያጉረመርሙም ይቀስቅሷቸው! ከተነሱ አይቀር ጀበናውም ይጣድ፤ ውሃው ለመፍላት ከ95 ዲግሪ በላይ አይጠይቅም!